ሁለቱም ቦታ 5 ዝርያ አለው፤ ታዲያ ብዝኀ ሕይወታቸው እኩል ነው?

ቡድን_ሦስት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለኢኮሎጂ ኮርስ የቡድን ሥራ አንድ የቤተ ክርስቲያን ደንና አጠገቡ ያለ የባህር ዛፍ ቦታ እያወዳደርን ነው። አራት ነን። በየቦታው 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆኑ አራት አራት መደቦች ለክተን፣ በደረት ቁመት ዲያሜትራቸው 2.5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑትን ሁሉ ቆጠርን።

ደኑ፦ ወይራ 24፣ ጽድ 20፣ ብሳና 16፣ ዋንዛ 12፣ ጥቁር እንጨት 8።

ባህር ዛፉ፦ ባህር ዛፍ 68፣ ክትክታ 4፣ አጋም 4፣ ብሳና 2፣ ወይራ 2።

ሁለቱም 5 ዝርያ፣ ሁለቱም ድምሩ 80። እዚህ ላይ ተጣላን።

አንደኛ፣ የዝርያው ቁጥር እኩል ከሆነ ብዝኀ ሕይወታቸው እኩል ነው ማለት ይቻላል? ሁለተኛ፣ የደኑን የሻነን ኢንዴክስ (የዝርያዎቹን ብዛትና በመካከላቸው ያለውን ክፍፍል አብሮ የሚለካውን ቁጥር) እኔ ስሠራው 0.671 መጣ፣ ጓደኛዬ 1.544 አገኘ፤ ሁለታችንም ሦስት ጊዜ ደግመን ሠርተነዋል። ሦስተኛ፣ አንዱ ልጅ ሪፖርቱ ላይ «ባህር ዛፍ ሲቆረጥ መልሶ የሚያቆጠቁጠው ከአገራችን አቆራረጥ ጋር ስለተላመደ ነው፤ ይህም ዝግመተ ለውጥ ነው» ብሎ ጽፏል። ይቆይ ወይስ ይውጣ?

ቀመር_ወዳድ

ከሁለተኛው ልጀምር፣ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነው። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ የነካችሁት ቁልፍ ነው የተለያየው። ካልኩሌተር ላይ «ሎግ» የሚለው በ10 መነሻ የሚሠራ ሎጋሪዝም ነው፣ «ኤልኤን» የሚለው ደግሞ ተፈጥሯዊው። 1.544ን ለ2.303 አካፍሉት፣ 0.67 ገደማ ይመጣል። ኤክሰልም ላይ «ሎግ» የሚለውን ፋንክሽን መነሻ ሳትሰጡ ከተጠቀማችሁ በዝምታ 10ን ይወስዳል። በ2 መነሻ የሚሠሩም አሉ፤ በዚያ የእናንተ ደን 2.228 ይሆናል። ሦስቱም ያው ደን ነው። ኢኮሎጂ ውስጥ አብዛኛው ሰው ኤልኤንን ስለሚጠቀም እሱን ያዙና በየትኛው እንደሠራችሁ ጻፉ። መነሻው ያልተጻፈ የሻነን ቁጥር ከሌላ ሰው ቁጥር ጋር አይወዳደርም።

አሠራሩን በወይራ ላሳያችሁ። 24ን ለ80 ስናካፍል 0.30። የ0.30 ኤልኤን −1.204 ነው። ሁለቱን ስናባዛ −0.361። ጽድ በዚሁ መንገድ 0.25 × −1.386 = −0.347። ብሳና −0.322፣ ዋንዛ −0.285፣ ጥቁር እንጨት −0.230። ደምራችሁ ምልክቱን ወደ ፖዘቲቭ መቀየር ነው። በነገራችን ላይ እነዚህን በሦስት አሃዝ የተጠጋጉትን ከደመራችሁ 1.545 ይመጣባችኋል፤ ትክክለኛው 1.544 ነው። ማጠጋጋት መጨረሻ ላይ ብቻ ነው።

ሁለቱን ቦታዎች በአንድ ሠንጠረዥ ስታደርጉ አንድ ነገር ያጋጥማችኋል። ዝርያዎቹ በጠቅላላ 8 ስለሆኑ አንዱ ቦታ ላይ ዜሮ የሚሆኑ አሉ፤ የዜሮ ኤልኤን ደግሞ የለም፣ ኤክሰል ስህተት ይሰጣችኋል። ያንን ሳጥን ባዶ ተዉት። ስህተቱን ለማጥፋት ብሎ ሁሉም ላይ 1 የሚደምር ሰው አለ፤ የሌለ ዝርያ መፍጠር ነው እሱ።

አሁን ወደ አንደኛው። የባህር ዛፉ ሻነን 0.622 ነው። አምስት ዝርያ ባለበት ቦታ ከፍተኛው የሚቻለው የ5 ኤልኤን ማለትም 1.609 ነው፣ እሱም ሁሉም ዝርያ እኩል እኩል ሲሆን። ያገኛችሁትን ለዚህ ስታካፍሉት የስርጭቱን ተመጣጣኝነት ታገኛላችሁ፦ ደኑ 0.96፣ ባህር ዛፉ 0.39። ስለዚህ «5 ዝርያ አለ» የሚለው የብዝኀ ሕይወት አንዱ ጎን ብቻ ነው፤ ሌላው ጎን ቁጥሩ በመካከላቸው እንዴት ተከፋፈለ የሚለው ነው።

ለእኔ ግን ከሁሉም ይበልጥ የሚናገረው የሻነኑን ቁጥር መልሶ ወደ ዝርያ መለወጥ ነው (ካልኩሌተሩ ላይ የኤልኤን ተቃራኒ የሆነውን ቁልፍ መጫን)። ደኑ 4.69፣ ባህር ዛፉ 1.86 ይሆናል። የባህር ዛፉ ቦታ አምስት ስም ይቁጠር እንጂ፣ እኩል የተካፈሉ ሁለት ዝርያዎች ካሉበት ቦታ እንኳ ያንሳል ማለት ነው።

ሲምፕሰንን (ሌላውን የብዝኀነት ኢንዴክስ) ከሠራችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ፣ በአንድ ስም ሦስት ቁጥር አለ። የድርሻዎቹ ካሬ ድምር ደኑ ላይ 0.225 ነው፤ ይህ ሲያድግ ብዝኀነቱ ያንሳል። ከ1 ሲቀነስ 0.775፤ ይህ ሲያድግ ብዝኀነቱ ያድጋል። 1 ለዚያው ሲካፈል 4.44። ባህር ዛፉ በቅደም ተከተል 0.729፣ 0.271፣ 1.37 ነው። የመጀመሪያውን ወስዶ «ባህር ዛፉ ይበልጣል» ብሎ የሚደመድም ሪፖርት በየዓመቱ አይጠፋም። የመሃለኛው ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሁለት ዛፍ ብትነኩ የተለያየ ዝርያ የመሆናቸው ዕድል ደኑ ውስጥ ከ100 ወደ 78፣ ባህር ዛፉ ውስጥ 27 ገደማ ነው።

ሜትርና_ገመድ

ቀመሩ ላይ የምጨምረው የለኝም። ወደ ቀመሩ የገባው ቁጥር ላይ ግን አለኝ።

68 ባህር ዛፍ ስትሉ ምን ቆጥራችሁ ነው? ግንድ ነው ወይስ ጉቶ? ተቆርጦ ያቆጠቆጠ ባህር ዛፍ ከአንድ ጉቶ ሦስት አራት ግንድ ያወጣል፤ በደረት ቁመት (ከመሬት 1.3 ሜትር) ሜትር የያዘ ሰው ደግሞ አራቱንም ይለካቸዋል። ሻነን የሚጠይቀው የግለሰብ ዛፎችን ቁጥር ነው። እናንተ የሰጣችሁት የግንድ ቁጥር ከሆነ ስሌቱ ልክ ሆኖ መልሱ ሌላ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዬ፦ ጽዱን አይታችሁታል? «ጽድ» ብሎ የሚነግራችሁ ሰው የአበሻ ጽድንም የፈረንጅ ጽድንም በአንድ ስም ሊጠራ ይችላል፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ደግሞ ሁለቱም ይገኛሉ። ፍሬውን ፈልጉ። የአበሻ ጽድ ፍሬ ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ሲበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚያደላ ነው። የፈረንጅ ጽድ ፍሬ እንጨት የመሰለ ደረቅ ኳስ ሆኖ ሲደርቅ በቁርጥራጭ ይከፈታል። ፍሬ የሌለው ዛፍ ብታገኙ አትደንግጡ፣ የአበሻ ጽድ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ስለሆነ ወንዱ አያፈራም። ሃያው ውስጥ የፈረንጁ ከተገኘ ደኑ 6 ዝርያ ሆነ ማለት ነው፤ አንደኛው ጥያቄያችሁም መልኩን ይቀይራል። ግራርና ሾላም እንዲሁ ናቸው፣ በአንድ ስም ብዙ ዝርያ ይጠራል። ከተጠራጠራችሁት ዛፍ ቅጠልና አበባ ወይም ፍሬ ያለበት ቅርንጫፍ ቁረጡ፣ በጋዜጣ መሃል ተጭኖ ይድረቅ፣ በማስታወሻችሁ ላይ ያለውን ቁጥር እዚያው ጻፉበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጋዜጣውን በየዕለቱ ካልቀየራችሁ ይሻግታል። (የግቢውን አስተዳዳሪ ሳታስፈቅዱ ግን አንድም ቅርንጫፍ አትንኩ።)

ሦስተኛው የመደቡ ነገር ነው። 10 በ10ን እንዴት ነው ያወጣችሁት? አራት ችካል ተክሎ ዙሪያውን መለካት አይበቃም፣ አራቱም ጎን 10 ሆኖ ያዘመመ ቅርጽ ሊሆን ይችላል፣ ስፋቱም ከ100 ካሬ ሜትር ያንሳል። ሰያፉን ለኩ፤ ከጥግ ወደ ጥግ 14.14 ሜትር ካልመጣ ማዕዘኑ ቀጥ አላለም። ወይም 12 ሜትር ገመድ ላይ በ3ና በ7 ሜትር ቋጠሮ አድርጋችሁ ጫፍና ጫፉን ግጠሙና ሦስት ጎን አድርጋችሁ ወጥሩት፣ የ3ቱና የ4ቱ ጎን የሚገናኙበት ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሰጣችኋል።

ቦታው ተዳፋት ከሆነ ደግሞ በመሬቱ ላይ የተዘረጋ 10 ሜትር በካርታ ላይ 10 አይደለም። 20 ዲግሪ ተዳፋት ላይ 10.64 ሜትር፣ 30 ዲግሪ ላይ 11.55 ሜትር መዘርጋት አለባችሁ። ባህር ዛፍ ብዙ ጊዜ ገደል ገደሉ ላይ ስለሚተከል፣ ሜዳ ላይ ካለ ደን ጋር ስታወዳድሩ ይህን ከረሳችሁ ባህር ዛፉ ያለአግባብ የሳሳ ይመስላል።

ቡድን_ሦስት (ጠያቂ)

ሜትርና ገመድ፣ ነካኸን። የቆጠርነው ግንድ ነው። ማስታወሻችን ላይ ግን ጉቶውን ለብቻው ጽፈነዋል፦ 68ቱ የወጡት ከ17 ጉቶ ነው። ሌሎቹ ሁሉ ነጠላ ግንድ ናቸው። ቦታው ሜዳ ነው፣ ሰያፍ ግን አልለካንም። የጽዱን ነገር ተመልሰን እናያለን።

አዲስ ዝርያ በየመደቡ ሲገባ የመዘገብነውም አለ፣ ከጠቀመ (እስከዚያ መደብ ድረስ የተገኘው ጠቅላላ ዝርያ)፦ ደኑ 3፣ 4፣ 5፣ 5፤ ባህር ዛፉ 2፣ 3፣ 4፣ 5።

ቀመር_ወዳድ

እንግዲህ ተመልከቱ። በ17 ከተሠራ ድምሩ 29 ይሆናል፦ 17፣ 4፣ 4፣ 2፣ 2። ሻነኑ ከ0.622 ወደ 1.228 ዘለለ። ተመጣጣኝነቱ ከ0.39 ወደ 0.76፣ ወደ ዝርያ ሲለወጥ ከ1.86 ወደ 3.42። ሲምፕሰኑ (ከ1 ሲቀነስ ያለው) ከ0.271 ወደ 0.609። መሬቱ ላይ አንድም ዛፍ አልተነካም፤ «አንድ ዛፍ» ምን ማለት ነው የሚለው ብቻ ነው የተቀየረው። ኤልኤንና ሎግ ላይ ስንከራከር ዋናው ነገር አመለጠን።

ደኑ አሁንም ይበልጣል፣ ልዩነቱ ግን ጠቧል። በዚህ ላይ «ሁለቱም ድምሩ 80» የሚለውም ፈረሰ። 80 ዛፍ ከተቆጠረበት ቦታ 5 ዝርያ ማግኘትና ከ29 ዛፍ 5 ማግኘት አንድ አይደለም፤ ብዙ በቆጠራችሁ ቁጥር ብርቅዬውን የማግኘት ዕድላችሁ ይጨምራል።

የመደቡ ቅደም ተከተልም የሚለው ያንኑ ነው። ደኑ አራተኛው መደብ ላይ አዲስ አልጨመረም፣ መርጋት ጀምሯል። ባህር ዛፉ ግን በእያንዳንዱ መደብ አንድ አንድ እየጨመረ ነው፤ አምስተኛ ብታወጡ ስድስተኛ ዝርያ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ «ሁለቱም 5» የሚለው ራሱ ገና አልተረጋገጠም። ሁለቱም ቦታ ላይ እኩል መደብ ጨምሩ፣ ቢያንስ በተከታታይ ሁለት መደብ አዲስ ዝርያ እስኪያጡ።

ሜትርና_ገመድ

በአንድ ነገር አልስማማም። ጉቶ ብቻ መቁጠር የባህር ዛፉን ጫና ይደብቃል። ብርሃኑን የሚጋርደው፣ ውሃውን የሚጠጣው 68ቱ ግንድ ነው። ለዚህ ነው ደን የሚያጠኑ ሰዎች ከቁጥር ጎን የግንዱን የቁራጭ ገጽ ስፋት የሚያሰሉት። ዙሪያውን ለኩ፣ ለ3.14 አካፍሉ፣ ዲያሜትር ነው። ግማሹን በራሱ አባዝታችሁ እንደገና በ3.14 አባዙት። ዲያሜትሩ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ግንድ 78.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ 5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አራት ግንዶችም ተደምረው ያው 78.5 ናቸው። በዚህ መለኪያ ግንድ ቆጠርክ ጉቶ ቆጠርክ ለውጥ የለውም።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ዝርያ ሦስት መቶኛ አውጡ፦ ከጠቅላላው ቁጥር ስንት እጅ ነው፣ ከጠቅላላው የግንድ ገጽ ስፋት ስንት እጅ ነው፣ በስንቱ መደብ ተገኘ (ይህም ከሁሉም ድምር አንጻር)። ሦስቱ ተደምረው የዝርያው የጎልቶነት ዋጋ ይባላሉ፤ የሁሉም ዝርያ ድምር 300 ካልሆነ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል።

የዘር_ሐረግ

ሦስተኛውን ጥያቄ ሁሉም ዘለለው። ዓረፍተ ነገሩ ይውጣ።

ችግሩ ከፊሉ የቋንቋ ነው። በአማርኛ «ተላመደ» ስንል ሁለት የተለያየ ነገር በአንድ ቃል እንጠራለን። ከቆላ ወደ ደጋ የመጣ ሰው በሳምንታት ውስጥ ቀይ የደም ሕዋሱ ይበዛል፣ አየሩን ይለምዳል። ይህ በአንድ አካል ዕድሜ ውስጥ የሚሆን ነው፣ ለልጅ አይተላለፍም። ዝግመተ ለውጥ ግን የአንድ ግለሰብ ጉዳይ አይደለም። አንድ ፖፑሌሽን ውስጥ በዘር የሚተላለፍ ልዩነት ሲኖር፣ አንዱ ዓይነት ከሌላው ብዙ ዘር ሲተካ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ የጂኖቹ ድርሻ ሲቀየር ነው። ዛፉ አይቀየርም፣ የዛፎቹ ስብጥር ነው የሚቀየረው።

የእናንተን ባህር ዛፍ በዚህ መዝኑት። ከአንድ ጉቶ የወጡት አራት ግንዶች በጂን አንድ ናቸው፣ ከጉቶውም ጋር አንድ ናቸው። በቆረጣና በማቆጥቆጥ መካከል ዘር አልበቀለም፣ ትውልድ አላለፈም። ትውልድ ሳያልፍ ደግሞ የተፈጥሮ ምርጫ የሚሠራበት ነገር የለም። (ጉቶውን እንደ አንድ ዛፍ መቁጠር ትክክል የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።)

ታዲያ ማቆጥቆጡ ከየት መጣ? ከእነ ጓዙ ከአውስትራሊያ። የባህር ዛፍ ወገን እዚያ በእሳትና በድርቅ መሃል በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ያደገ ነው፤ ላዩ ተቃጥሎ ከሥሩ እብጠትና ከቅርፊቱ ሥር ከተደበቀ እንቡጥ መልሶ የሚወጣው ዘሩን ተካ። እዚህ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአፄ ምኒልክ ጊዜ ነው። ለእሳት የተሠራው ነገር ለመጥረቢያም ጠቀመው፣ በቃ። ሪፖርቱ ላይ «ከመምጣቱ በፊት የነበረው ባሕርይ ለቆረጣ አመቸው» ብላችሁ አስተካክሉት።

በአገራችን የዝግመተ ለውጥ ምሳሌ ካስፈለጋችሁ ጣና አለላችሁ። ሐይቁ ውስጥ 15 የሚሆኑ የባርበስ ወገን ዝርያዎች አሉ፣ ከወንዝ ዓሣ የወጡ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ፣ ወደ 40 ሜትር የሚወርደው፣ ከታች ካሉት ለይቷቸዋል፤ ከውስጥ ደግሞ በምግብና በመራቢያ ቦታ ተለያይተዋል። ከመካከላቸው ሌላ ዓሣ አዳኝ የሆኑ መኖራቸው በዚህ ወገን የተለመደ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ከኢንዴክሱ አትጠብቁ። ለሻነን ወይራም ባህር ዛፍም ቁጥር ብቻ ናቸው፤ አገር በቀል ይሁን መጤ፣ በዓለም ላይ እዚህ ብቻ ያለ ይሁን በየመንገዱ ዳር የሚበቅል አያውቅም። የባሌ ሳነቴ አምባን ብትቆጥሩ ዛፍ የለሽ ሜዳ ከነጅብራው ነው፣ የዛፍ ኢንዴክሱ ከእናንተ ደን አጠገብ አይደርስም። ቀይ ቀበሮና የባሌው ግዙፍ ፍልፈል ግን እዚያ ነው ያሉት። ለዚህ ነው ብዝኀ ሕይወት በጂን፣ በዝርያና በሥነ ምህዳር ደረጃ የሚታየው፤ የእናንተ ቁጥር መሃለኛውን ብቻ፣ ከእሱም ዛፎቹን ብቻ ነው የነካው።

ሁለቱ ቦታዎች ምን ያህል እንደሚመሳሰሉም ጨምሩ፣ ቀላል ነው። የሚጋሩት ብሳናና ወይራን ነው፣ ሁለት። በሶረንሰን (የመመሳሰል መለኪያ፦ የጋራ ዝርያ ሁለት እጥፍ ለሁለቱ ቦታ የዝርያ ቁጥር ድምር)፦ 2 × 2 ለ10 ሲካፈል 0.4። እነዚያ የባህር ዛፉ ውስጥ ያሉት ብሳናና ወይራ ከደኑ በወፍ የመጡ ችግኞች ናቸው ወይስ ባህር ዛፉ ሲተከል የቀሩ? ውፍረታቸውን ከለካችሁ አመላካች ይሰጣችኋል። «ባህር ዛፍ ሥር ምንም አይበቅልም» የሚባለው ሁልጊዜ እውነት አይደለም፤ ከተፈጥሮ ደን አጠገብ ሲሆን፣ ከብት ካልገባና ቅጠሉ ለማገዶ ካልተጠረገ አገር በቀል ችግኝ ይበቅልበታል።

ቡድን_ሦስት (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልን። ቅዳሜ ተመልሰን መደብ እንጨምራለን። ሪፖርቱ ላይ ታዲያ የትኛውን ሻነን እንጻፍ፣ 0.622 ወይስ 1.228? ደግሞ ገመዱ በትክክል በግንዱ ላይ የሚያልፍበት ዛፍ ምን ይደረጋል? አሁን የቆጠርነው እንደየሰዉ ነበር።

ሜትርና_ገመድ

ሁለቱንም ጻፉ፣ «በግለሰብ ዛፍ 1.228፣ በግንድ 0.622» ብላችሁ፤ አቆጣጠራችሁንም በዘዴው ክፍል ላይ በአንድ መስመር አስቀምጡ። አንዱን ብቻ የግድ ከተባላችሁ የግለሰቡን።

መስመር ላይ ላለው ዛፍ፦ የግንዱ መሃል ውስጥ ከሆነ ይቆጠራል፣ ውጭ ከሆነ አይቆጠርም። መሃሉ ልክ ገመዱ ላይ ከዋለ የሰሜኑና የምሥራቁ መስመር ይቆጠር፣ የደቡቡና የምዕራቡ አይቆጠር፤ ይህን ሳትነሱ ወስኑ። አዲሶቹን መደቦች የት እንደምታደርጉ ደግሞ በዕጣ ይሁን። ቦታውን በወረቀት ላይ በ10 ሜትር ሳጥን ከፋፍላችሁ ቁጥር ስጡና አውጡ። ድንጋይ ወደ ኋላ መወርወር ዕጣ አይደለም፣ ወርዋሪው መንገዱ ያለበትን ያውቃል። ከደኑ ጠርዝና ከመግቢያው በር አጠገብ ያሉትን ሳጥኖች ለብቻ መዝግቡ፤ ነፋስና ከብት የሚነካው ዳር ከመሃሉ ጋር ከተቀላቀለ የደኑን ሳይሆን የዳሩን ቁጥር ይዛችሁ ትመጣላችሁ።

የሜትራችሁን ዜሮም እዩት፤ ጫፉ የተቆረጠ ከሆነ ከ10 ሴንቲ ሜትር ጀምራችሁ ቀንሱ።